ካቻቢቴ በደች ምን ይባላል?

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ገብቷል። ከሥራ ስወጣ መሽቶ ነው የሚጠብቀኝ።

"በየሳምንቱ እየደወልሽልኝ ደብዳቤ ምን አስፈለገ?" እንደምትይ አውቃለሁ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንዴ ኔትወርኩ ተቆራረጠ። አንዴ ደግሞ እንባዬ መጣብኝና ወሬ ቀየርኩ። አሁን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ በእጁ ልላክልሽ ብዬ ነው። ፊደሉንም ትልልቅ አድርጌ ጽፌልሻለሁ።

ባለፈው "ለመሆኑ ቋንቋቸውን ለመድሽው?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "እየለመድኩ ነው" ብዬ አለፍኩት። ዛሬ በደንብ ልመልስልሽ።

ወደ ሆላንድ፣ ወደ ደልፍት ከተማ፣ የመጣሁት ለትምህርት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የውሃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ሮተርዳም ሥራ ስይዝም ቢሮው በእንግሊዝኛ ሆነ። እዚህ አገር ከገበያ ሻጭ እስከ አውቶቡስ ሹፌር እንግሊዝኛ የማይሞክር ሰው ብዙ አይገኝም። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ቋንቋቸውን፣ ደችን፣ ሳልችል ኖርኩ። "ኹደሞርኸን" ብዬ ሰላም እላለሁ፣ "ዳንክ ዩ ቬል" ብዬ አመሰግናለሁ፣ በቃ።

በስደት ወይም በትዳር የመጡት እህቶቻችን እንደዚህ አይደሉም። ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ በሦስት ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ተምረው ፈተና ማለፍ አለባቸው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ደብተራቸው ከቦርሳቸው አይጠፋም። በሥራ ቪዛ ለመጣ እንደኔ ላለ ሰው ግን ግዴታ የለም። ክፍል የለኝም፣ አስተማሪ የለኝም፣ ለምን ቀረሽ የሚለኝም የለም። በፊት ይህን እንደ ዕድል ነበር የማየው። አሁን አይመስለኝም። ተማሪ የሚልሽ ሰው ከሌለ፣ እንደምትቆዪ የሚያስብም የለም ማለት ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የምሳ ሰዓት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ደጎች ናቸው። እኔ ስቀመጥ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ጨዋታው ሲሞቅ ግን ሳያውቁት ወደ ራሳቸው ቋንቋ ይመለሳሉ። ሰው በባዕድ ቋንቋ ከልቡ ሊስቅ አይችልምና። አንድ ቀን ሁሉም ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ወረቀት ቆራርጬ ቤቱን ሁሉ ስም ለጠፍኩበት። በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ሳህኑ ላይ። የደች ስም ከፊቱ "ደ" ወይም "ሄት" የምትል ቃል ትቀድመዋለች። የትኛዋ እንደምትቀድም አብዛኛውን ጊዜ መያዝ እንጂ ማወቂያ መንገድ የለውም። ማንኪያ "ደ" ነው፣ ሹካም "ደ" ነው፣ አጠገባቸው ያለው ቢላዋ ግን "ሄት" ነው። ስለዚህ ለ"ደ" ሰማያዊ፣ ለ"ሄት" ቀይ እስክሪብቶ ያዝኩ። አሁን ዕቃ ሳይ ቀለሙ ነው ቀድሞ የሚመጣልኝ። አንድ የሚያሳርፍ ነገር አለ። ስሙን እንደ ማቆላመጥ አሳንሰሽ ከጠራሽው ሁሌ "ሄት" ይሆናል። እኛ "ልጅዬ" እንደምንለው እነሱም መጨረሻው ላይ "የ" ወይም "ትየ" ይጨምራሉ። ሲኒዋን፣ ውሻዋን፣ ቤቷን ሁሉ እንደዚያ ይጠራሉ። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። ቋንቋቸው ጉሮሮ ቢበዛበትም ማቆላመጥ ያውቃል።

ስለ ጉሮሮው ልንገርሽ። "ኽ" የሚል ድምፅ አላቸው፣ አጥንት ተሰንቅሮበት የሚጠርግ ሰው ይመስላል። ትግርኛ የምትናገረው ጓደኛዬ በአንድ ቀን ወጣላት። እኔ ወራት ፈጀብኝ። በባቡር ስሄድ "ስኺዳም" የምትባል ጣቢያ አለች። በተጠራች ቁጥር በሻርፕ አፌን ሸፍኜ አብሬ እላታለሁ። ሽንኩርትን ደግሞ "አውይ" ነው የሚሉት፤ ልክ እኛ ስንደነግጥ እንደምንለው፣ ከንፈርን ግን ሹል አድርገሽ። ሐሙስ ሐሙስ አደባባዩ ላይ ገበያ ይቆማል። መጀመሪያ ጊዜ "አውይ" ብዬ ግማሽ ኪሎ ስጠይቅ ሻጩ ያለ ምንም ጥያቄ መዘነልኝ። ሽንኩርቱን ታቅፌ ነው ቤቴ የገባሁት።

ያስቸገረኝ እሱ ብቻ አይደለም። አፌን ስከፍት ሰዎቹ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ክፋት የለበትም፣ ሊያግዙኝ ነው። ግን ገና የሚማር ሰው እንዲህ ሲታገዝ መንገዱ ይዘጋበታል። ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደድኩ፦ "እባክዎ በደች ያናግሩኝ፣ እየተማርኩ ነው።" ይህን ስላቸው ፊታቸው ይበራል። ቀስ ብለው ይናገሩልኛል።

ሰዓታቸውም አስቸግሮኛል። "ሃልፍ ድሪ" ቃል በቃል "ግማሽ ሦስት" ማለት ነው። እኔ ሦስት ተኩል መሰለኝ። ለካ ወደ ሦስት ሊሞላ ግማሽ የቀረው፣ ሁለት ተኩል ማለት ነው። በኛ ስምንት ሰዓት ተኩል። ጥርስ ሐኪም ቀጥሮኝ በዘጠኝ ተኩል ደረስኩ። ሌላ ሰው ገብቷል። ቀጠሮዬ ተሰርዞ ሌላ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ጥርሴን እያመመኝ። ቁጥሩም ወደ ኋላ ነው የሚነበበው። ሰማንያ አራትን "አራትና ሰማንያ" ይላሉ። ስልክ ቁጥር ሲነግሩኝ እስካሁን እጄ ይደናገራል።

ግን እማዬ፣ አማርኛዬ የረዳኝ ቦታ አለ። እነሱ እንደ እንግሊዝኛው "እኔ እጠጣለሁ ቡና" ነው የሚሉት። "ኦምዳት" የምትል ቃል ስትመጣ ግን፣ "ምክንያቱም" ማለት ናት፣ ግሱ ከመሃል ተነስቶ መጨረሻ ይሄዳል። "ምክንያቱም እኔ ቡና እጠጣለሁ"፣ ልክ እንደኛ! ከእንግሊዝ የመጡ ባልደረቦቼ ይቺን "ኦምዳት" ይፈሯታል። አንዱ ልጅ ግሱን መሃል አስገብቶ ይቀራል። እኔ ግን እስኪያልቅ መጠበቅ ለምጃለሁ። አማርኛ እስከ መጨረሻው ካልሰሙት መቼ ይገባል? ይሄዳል ይሁን አይሄድም ጫፉ ላይ ነው የሚታወቀው። ያን ቀን ቋንቋችንን ከሌላ አቅጣጫ አየሁት። ኮራሁበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከሥሬ ያለው ቤት ውስጥ አንድ አዛውንት ይኖራሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ናቸው። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ እኔና እሳቸው ያለን የጋራ ቋንቋ የእኔ የተሰባበረ ደች ብቻ ነው። እዚህ አገር አለቃሽንም "አንተ" ነው የምትዪው። "እርስዎ" የሚል ቃል ግን አላቸው፣ "ዩ" ይሉታል። እኔ እሳቸውን "ዩ" ስላቸው፣ "ግድ የለም፣ አንተ በይኝ" አሉኝ። ሞከርኩ እማዬ፣ አልቻልኩም። አባቴ የሚሆኑ ሰው እንዴት አንተ ይባላሉ? እስከ ዛሬ "ዩ" ነኝ፣ እሳቸውም ለመዱት።

አንድ ቅዳሜ የኩሽናዬ ቁም ሳጥን በር ተንገዳገደብኝ። ካቻቢቴ ልዋስ ወረድኩ። ካቻቢቴ በደች "ስኽሩቨንድራየር" ነው። ደረጃው ላይ እያልኩት ነበር የወረድኩት። በሩን ሲከፍቱልኝ ጠፋብኝ። "ስኽ..." አልኩ። ቆምኩ። "ስኽሩ..." ደግሜ ቆምኩ። ፊቴ ጋለ። እጄን እንደ ካቻቢቴ ማዞር እችል ነበር፣ ይገባቸው ነበር። እሳቸው ግን አልገመቱልኝም። ቃሉን ከአፌ አልነጠቁኝም። አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ዝም ብለው ጠበቁኝ። ነፋሱ ወደ ቤታቸው ይገባል፣ እሳቸው በስስ ሹራብ ናቸው። ሦስተኛው ላይ እስከ መጨረሻው ወጣልኝ፦ "ስኽሩቨንድራየር።" እሳቸውም ቃሉን ቀስ ብለው መልሰው አሉትና "አለኝ፣ ግቢ" አሉኝ።

ካቻቢቴውን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ።

ያን ታክሲ ታስታውሺዋለሽ? ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ ስንወርድ። እኔ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመቴ ነው። አንቺ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ1971፣ ፊደል ቆጥረሽ ነበር። ወንድሜ ሲወለድ ተቋረጠብሽ። ከዚያ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ በእኔ ደብተር እንደገና ጀመርሽ። ማታ እኛ ተኝተን አንቺ ደብተሬን ገልጠሽ ጣትሽን ከፊደሉ ሥር ታስሄጂው ነበር። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ አይሻለሁ። ያን ቀን ታክሲው ውስጥ በመስኮት እያየሽ የሱቁን ስም ሁሉ ታነቢያለሽ። "ፎ...ቶ... ቤት።" "ል...ብስ... ስፌት።" ድምፅሽ ከፍ ብሎ ነበር። ደስ ብሎሽ ነበር። "ፋ...ር...ማ..." ስትዪ ከፊት ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችን። እኔ አፈርኩ። "ፋርማሲ ነው በቃ፣ እማዬ! ሰው ይሰማል!" አልኩሽ።

"እሺ" አልሽ። ነጠላሽን ወደ አፍሽ ሳብ አድርገሽ ወደ ውጭ አየሽ። ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት ጮክ ብለሽ ስታነቢ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ዓመት ትዝ አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው። ትዝ ይለኝ ነበር፣ ግን ትንሽ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። አሁን እኔ በባቡር መስኮት የሱቅ ስም በከንፈሬ የማነብ ሰው ሆኛለሁ። ሱፐርማርኬት ውስጥ የጽጌረዳ እቅፍ አንስቼ ማሸጊያው ላይ ያለውን ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ "ሄርኮምስት፣ ኤቲዮፒየ።" "የመጣበት አገር፣ ኢትዮጵያ" ማለት ነው። ጮክ ብዬ ነበር ያነበብኩት። ማንም "በቃ" አላለኝም። የሚማር ሰው ድምፁ ከፍ ሲል ልቡ ምን ያህል እንደሚከፈት አሁን አውቃለሁ። እንዴት እንደሚዘጋም አውቃለሁ። ይቅር በይኝ እማዬ። በልጅነቴ ነው ብዬ አላመልጥም። የነጠቅኩሽ አንድ ቃል ብቻ አልነበረም።

ግዴታ ባይኖርብኝም የመንግሥትን የደች ቋንቋ ፈተና ወስጃለሁ። አራት ክፍል አለው፦ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር። ሦስቱን አለፍኩ። መናገሩ ቀረኝ። ኮምፒውተር ፊት ማዳመጫ አድርገሽ፣ ሰዓት እየተቆጠረብሽ ነው የምትመልሺው፤ የሚጠብቅሽ ፊት የለም። ደግነቱ የወደቅሽውን ብቻ ነው የምትደግሚው። የካቲት ላይ እቀመጣለሁ። እስከዚያ ሮብ ሮብ ማታ ከታች ወርጄ ከአዛውንቱ ጋር ቡና እጠጣለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጡረተኞች እየመጡ ከእኛ ጋር የሚያወሩበት የቋንቋ ካፌ አለ፣ እዚያ እሄዳለሁ። ጸልዪልኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው፣ በአንድ ቀን አትጨርሺው። ለወንድሜ ልጆችም አንብቡልኝ ብለሽ አትስጪያቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውላለሁ፣ በቪዲዮ። አዲሱን መነጽር ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፣ ማሰሪያ ስላለው አንገትሽ ላይ አንጠልጥይው። ከፈለግሽበት ገጽ ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። "ስኽሩቨንድራየር" ላይ ስትደርሺ አልነግርሽም፣ እጠብቅሻለሁ። ካርድ ስለማያልቅብን አትቸኩዪ።

ልጅሽ፣ ከደልፍት