ልጆችንና የቤት እንስሳትን ስለመቅረጽ ለአባላት የተላከ መልእክት

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው እሑድ በጣና ዳርቻ ተሰብስበን ካየናቸው የጥንት ፊልሞች አንዱ፣ ኦገስት ሉሚዬርና ባለቤቱ ጨቅላ ልጃቸውን አንድሬን ሲመግቡ የኦገስት ወንድምና ከሲኒማ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ሉዊ ሉሚዬር እ.ኤ.አ. በ1895 የቀረጸው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ምስል ነበር። ይህ የቤተሰብ ማዕድ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ፓሪስ ውስጥ ከፍሎ ለገባ ተመልካች መቅረቡን ሳስብ፣ የልጅ ምስል ገና ከጅምሩ ለባዕድ ዓይን መጋለጡ ይከነክነኛል። ከዚያ ቀጥሎ በታየው፣ ሁለት ሕፃናት በሚጣሉበት ፊልም ደግሞ አንዷ ስታለቅስ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ግን ቅር ይለኛል።

የካሜራና የፊልም አምራቹ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1923 ስፋቱ 16 ሚሊሜትር በሆነ ፊልም የሚቀርጽ ካሜራ ካወጣ በኋላ ቤተሰቦች ራሳቸው መቅረጽ ቢችሉም፣ አንዱ ጥቅል ፊልም በጥቂት ደቂቃ ያልቅ፣ ዋጋውም ውድ ስለነበር፣ ልጁ ሳይሰለች ቀረጻው ይቆም ነበር። ስልካችን ይህ ገደብ የለውም። በዚያው እሑድ አንድ ሕፃን ቡችላውን አቅፎ ሦስት ጊዜ «በቃኝ» እያለ ፊቱን ወደ ሐይቁ ቢያዞርም፣ «አንዴ ብቻ፣ የኔ ጌታ» እየተባለ መቀረጹ ቀጠለ፤ ቡችላውም ባመለጠ ቁጥር እየተያዘ ተመለሰለት።

ስለዚህ ልጅ «በቃኝ» ሲል ወይም ፊቱን ሲያዞር ካሜራው ወዲያው እንዲዘጋ፣ የሸሸ እንስሳም ተይዞ እንዳይመለስ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከቤታችሁ የቆየ ምስል የምታመጡ ደግሞ፣ በምስሉ ያለው ልጅ ዛሬ አድጎ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ምስሉ አይታይም።