አሸዋ ከግቢ ይወጣል እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ ወደ ጂሬን በሚወስደው መንገድ ቤት እያሠራ ነው። ሥራውን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። እኔን የሚቆጣጠረኝ ደግሞ አጣና ላይ የተሰቀለ፣ በሶላር የሚሠራ፣ ሲም ካርድ የሚገባለት ካሜራ ነው።

ካሜራውን በሰው እጅ ሲልከው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። በኛ ሰፈር ቤት ጀምሮ ፌሮ ወይ ጣውላ ያልተሰረቀበት ሰው ፈልጉልኝ። ካሜራው ከተሰቀለ ወዲህ ግን ሌሊት አንድ ቤርጋ ፌሮ አልጠፋብንም። ለዚህ ምስጋናውን አልነፍገውም።

ግን የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ለሱ ሌባ ነው። የጎረቤት ሙዝ ቅጠል ነፋስ ሲመታው ለወንድሜ ስልክ መልእክት ይልካል። ጅብ ሲያልፍም ይልካል። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሱ ጋ ገና ምሽት 1 ሰዓት ነው። "እትዬ፣ ግቢ ውስጥ ነጭ የለበሰ ሰው አለ፣ ቶሎ በይ!" እኔም ዘበኛችን ጋ ደወልኩ። አባ ነው የምንላቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ባትሪ ይዘው ግቢውን ዞሩና መልሰው ደወሉልኝ። ለካስ ሸረሪት መስታወቱ ላይ ድሯን አድርታ ኖሮ የካሜራው መብራት ሲያርፍበት ነው ያ ሁሉ። "ልጄ፣ ሸረሪት ናት፣ ላስራት ወይስ ልልቀቃት?" አሉኝ።

የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሦስት ቀን ደመና ከዋለ ሶላሩ ይደክማል፣ ካሜራውም ይተኛል። ያኔ ወንድሜ እንቅልፍ የለውም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የቡናው ነገር ነው። ሠራተኞቹ 4 ሰዓት ላይ አረፍ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ጅማ ተቀምጦ ቡና አትጠጡ ይባላል? ወንድሜ ቀረጻውን ሲያገላብጥ ደቂቃ ቆጥሮ "ዛሬ 35 ደቂቃ ተቀመጡ" ብሎ ደወለ፣ ያውም እኔ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ነበር፣ ብረት የሚያስረው ፌራዮ አጠገቤ ቆሞ ሰማ። በማግስቱ ቡናቸውን ከካሜራው ጀርባ ወስደው ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ሚስማር ማቅናቱም፣ ፌሮውን የሚያቅፈውን ስታፋ ማጠፉም፣ ጨዋታውም ከጀርባ ሆነ። እኛ ገንዘብ አውጥተን የምናየው ባዶውን የግቢ ፊት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኮለን፣ የምሰሶው ማለቴ ነው፣ የኮንክሪት ሙሌት በተጀመረ ሰሞን ሲሚንቶ እያለቀ ስሌቱ አልገጥም አለኝ። ፎርማኑ የነገረኝ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ በመለኪያ ሳጥን ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። ወንድሜ ስልኩ ላይ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሲያቦካ ያያል፣ "ዛሬ ጥሩ ሠርተዋል" ይላል። ሳጥኑ ግን እሱ ስክሪን ላይ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ቀርቤ ሳይ ሳጥኑ በልኩ አይሞላም፣ እንደ ገበያ እህል ጉብ ይደረጋል። አሸዋውም ጠጠሩም በዛ፣ ሲሚንቶው ሳሳ ማለት ነው። የተረፈው ከረጢትስ የት ገባ?

የደረሱበት አባ ናቸው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁለት ልጆች በባሬላ አሸዋ ተሸክመው በበሩ ሲወጡ አስቆሟቸው። "አሸዋ ወደ ግቢ ይገባል እንጂ ከግቢ ይወጣል እንዴ?" አሏቸው። አሸዋው ገለጥ ሲደረግ ከሥሩ ከረጢት ሲሚንቶ ተኝቷል።

ካሜራው ይህን ሁሉ ቀርጾታል! ለወንድሜም መልእክቱ ደርሶታል፣ አይቶታል፣ ሥራ መስሎት አልፎታል። ወደ ኋላ ሄደን ስንት ጊዜ እንደወጣ እንቁጠር ስንል ደግሞ የካሜራው ሜሞሪ ካርድ ሞልቶ የድሮውን በአዲስ ተክቶታል። ያገኘነው የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ ነው።

ውጭ ሆናችሁ ቤት ለምታሠሩ ወንድም እህቶቼ ይህን እላለሁ። ካሜራውን ስቀሉት፣ ግን ሰው ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ መጋዘኑና በሩ ላይ አድርጉት። ካሜራ እንዳለ ሠራተኛው ይወቅ። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ሕጉ ባይኖር እንኳ ሰውን ሳይነግሩት መቅረጽ ነውር ነው። የጎረቤት ጓሮም አይታይበት፤ ሴት ልጅ ልብስ የምታጥብበት ቦታ ነው። ለካሜራና ለዳታ ከምታወጡት ላይ ቀንሳችሁ ሙሌት ባለበት ቀን ሳጥኑ አጠገብ የሚቆም የራሳችሁ ሰው ቅጠሩ። እኔ አሁን ቀጥ ያለ የጣውላ ቁራጭ ይዤ የእያንዳንዱን ሳጥን አፍ ጠርጌ አስተካክላለሁ። ሰፈሩ ስቆብኛል፣ ይሳቅ።

ቡናውንም ወደ ፊት መልሰነዋል። ወንድሜ አሁን ሲደውል ደቂቃ አይጠይቅም፣ "ስንት ከረጢት ገባ?" ነው የሚለው።

አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ መሐንዲስ ጠይቆ ስለ ሳጥን ልኬትና ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ስንት ቀን ውሃ መጠጣት እንዳለበት ለኛ ለተራዎቹ በሚገባን ቋንቋ ቢያስነብበን ጥሩ ነበር። የኛ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ንጣፉ ማለቴ ነው፣ የሚሞላው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ
ከጅማ