የውድድር መኪና አፍንጫው የሚደቅቀው በምክንያት ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በባትላሜራ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። የፎርሙላ ዋን ውድድር በተካሄደ ቁጥር ማን አንደኛ እንደወጣ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው፣ አነባለሁ። መኪናው ከምን እንደተሠራ ግን ጽፋችሁ አላየሁም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ለምንወጣና ለምንወርድ ሰዎች ቁም ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ዘወትር የሚባል ነገር አለ። «መኪናስ የድሮው ነው! ብረቱ ወፍራም፣ ተጋጭቶ እንኳ አይጨማደድም» ይላሉ። ሚኒባሱ ፊት ላይ የብረት ቱቦ በይድልኝ የሚለኝም ብዙ ነው። ብረቱ ካልታጠፈ የግጭቱ ኃይል የት ይሄዳል? ሹፌሩ ደረት ላይ ነዋ!

የውድድር መኪና የሚሠሩት ሰዎች ሹፌሩ የሚቀመጥበት ክፍል ብቻ እንዳይሰበር አድርገው ያጠነክሩታል። ክንፉና ጎማውን የያዙት ዘንጎች ቢሰበሩ ግድ የላቸውም። አፍንጫው ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ እየደቀቀ ኃይሉን ይበላዋል። ይህ አስቀድሞ በግጭት ፈተና ይታያል። ያላለፈ አይወዳደርም።

ሹፌሩ የሚቀመጥበት ያ ክፍል የካርቦን ፋይበር ነው። የኮምቦልቻ ሰው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋር ያደገ ስለሆነ ነገሩ አይከብደውም። ካርቦኑ ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ይሸመናል፣ ሙጫ ይጠጣል፣ ከዚያ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ላይ በእጅ ይነጠፋል። የአንዱ ንጣፍ ክር ወዲህ ከሆነ የሚቀጥለው ወዲያ ይዞራል፤ ክር የሚጠነክረው በርዝመቱ ሲሳብ ነዋ። በመሃሉ የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው ስስ አሉሚኒየም ይገባል። አየሩ ተመጥጦ ይወጣና በግፊትና በሙቀት ይበስላል።

ማክላረን የተባለው የውድድር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ሲያመጣ ሲጋጭ ይበታተናል ብለው የፈሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት የቡድኑ ሹፌር ጆን ዋትሰን ጣሊያን አገር ሞንዛ ላይ ተጋጨ። ሞተሩ ተገንጥሎ ሄደ፤ እሱ ግን ምንም ሳይሆን ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባህሬን ላይ የሌላው ተወዳዳሪ የሮማን ግሮዣን መኪና የመንገዱን ዳር የብረት አጥር ገጭቶ ለሁለት ተቆርጦ በእሳት ተያያዘ። ሰውየው እጁ ተቃጥሎ በሕይወት ወጣ። የብረቱን አጥር ከጭንቅላቱ የመለሰለት ሃሎ የሚሉት፣ ከሹፌሩ ጭንቅላት በላይ የሚያልፍ የቲታኒየም ቅስት ነው። ቅስቱ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ያን ጊዜ መልኩ አያምርም ብለው ያጉረመረሙም ነበሩ።

ፍሬኑም ካርቦን ነው። ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ካልጋለ እንዲያውም በደንብ አይይዝም። የእኛ ጭነት መኪኖች ፍሬን ተቃራኒው ነው። ከደሴ ሲወርድ ከመጠን በላይ ከጋለ መያዝ ያቆማል። በከባድ ማርሽ ውረዱ የሚባለው ለዚህ ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ከመምህራኑ አንዱን ጋብዛችሁ ስለዚህ ጉዳይ አስጽፉልን። የአፍንጫው ሥዕል ትልቅ ሆኖ ይውጣ፤ ማንበብ የማይችሉ ደንበኞች አሉኝ፣ ለእነሱም ላሳያቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ባትላሜራ፣ ከኮምቦልቻ