«የወንድ ሆርሞን»፣ «የሴት ሆርሞን» ማለቱ ይቅር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሆርሞን የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቴስቶስትሮንን «የወንድ ሆርሞን»፣ ኢስትሮጅንን «የሴት ሆርሞን» ይላል። እባካችሁ ይህን አጠራር ተዉት።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አንዲት ተማሪዬ የደም ምርመራ ውጤቷ ላይ ቴስቶስትሮን የሚል ቃል አይታ ለቀናት ስትብሰለሰል ከረመች። ቁጥሩ ጤነኛ ነበር። ያስደነገጣት ስሙ ነው። «የወንድ ሆርሞን እኔ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

የሚሠራውማ ብዙ ነው። የሴት የእንቁላል እጢ መጀመሪያ የሚያመርተው ቴስቶስትሮንንና የቅርብ ዘመዶቹን ነው። ከዚያ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ ኢስትሮጅን ይቀይራቸዋል። እነሱ ከሌሉ ኢስትሮጅኑም የለም። የወንድ ቴስቶስትሮን ከሴት ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አልክድም። ግን ሁለቱም ሆርሞኖች በሁለቱም ጾታ ውስጥ አሉ፤ ሥራም አላቸው።

ድንጉላ ፈረስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1934 በርንሃርድ ዞንዴክ የተባለ ተመራማሪ የድንጉላን ሽንት ሲመረምር ኢስትሮጅን ሞልቶት አገኘ። ካላረገዘች ባዝራ እንኳ እጅግ ይበልጣል! የሚመነጨውም ከዚያው ከዘር ፍሬው ነው። ድንጉላው ከተኮላሸ ያ ሁሉ ኢስትሮጅን ይጠፋል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር መጀመሪያ የሚያምነኝ የለም።

ሰውም ጋ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሐኪሞች ስለ አንድ የ28 ዓመት ወንድ ጽፈው ነበር። ቴስቶስትሮኑ ደህና ነው። ኢስትሮጅኑም አለ፤ ሰውነቱ ግን በተፈጥሮ እክል ምክንያት ኢስትሮጅንን መቀበል አይችልም። ቁመቱ 2 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ገና እያደገ ነበር። አጥንቱም ሳስቷል። የአጥንት ጫፍ በጊዜው ተዘግቶ እድገት እንዲቆም የሚያደርገው፣ አጥንትንም የሚያጠነክረው፣ በወንዱም ቢሆን በዋናነት ኢስትሮጅን ነው። ታዲያ ይህን እንዴት «የሴት» ብቻ እንለዋለን?

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ሆርሞኖቹን በስማቸው ብቻ ጥሯቸው። ቴስቶስትሮን፣ ኢስትሮጅን፣ በቃ። ያቺ ተማሪዬም ዓምዳችሁን ታነባለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር