ላልቸኮላችሁብኝ ሁሉ

በቅድሚያ ፈጣሪ ይመስገን። ከረጅም እረፍት በኋላ ሥራ ጀምሬያለሁ። «መነኮሰች ብለን ነበር እኮ» እያላችሁ የቀለዳችሁብኝም ተመስገኑ፤ ሳቅ ናፍቆኝ ነበር።

ሰው ሲዝል መካሪው ይበዛል። አንዱ «ልቀቂው» ይላል፣ ሌላው «ቻይው»። ይህ ምስጋና ግን «ቶሎ ወስኚ» ላላላችሁኝ ነው።

አለቃዬ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ይዤ ስገባ ሳያነቡት አጥፈው መለሱልኝ። «መጀመሪያ እረፊ። ስትመለሺም ሐሳብሽ ይሄው ከሆነ እፈርምልሻለሁ» አሉኝ። ሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ላይ አንድ ሰው ማጣት ምን እንደሆነ የሂሳብ ሰው ያውቀዋል።

ወንድሜ የሥራ ባልደረባዬ፣ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት ደብተርህን ነው። እያንዳንዱ ፋይል የት እንደደረሰ በእርሳስ ጽፈሃል። «ይሄ አልቋል፣ አትንኪው።» «ይሄን ኦዲተሮቹ አይተውታል።» አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ «እዚች ጋ ጭንቅላቴ ዞሯል፣ አንቺው ትሻያለሽ» ይላል። እሱ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ሥራዬን በሥራህ ላይ ደርበህ ሠርተሃል፤ ደሞዝህ ላይ ግን የተደረበ ነገር የለም። ብድሩን እሱ ይክፈልህ።

ሐኪሜንም አመሰግናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለውን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ እንደመደበው፣ በሽታ እንዳላለው ነገሩኝ። ምልክቶቹን ሲዘረዝሩልኝ፣ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየት፣ ስለ እኔ የሚያወሩ ነው የመሰለኝ። ሰነፍኩ ብዬ ራሴን መውቀሴ ያን ቀን ቀለለልኝ።

የመንፈሳዊው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብድ ነበር። ሥራውን ትቼ ሙሉ ጊዜዬን ለአገልግሎት ልስጥ ብዬ ተነስቼ ነበር። ሲሰሙት ያምራል። መንፈሳዊ አባቴ ግን አላጨበጨቡልኝም። «ጥሪ ይሁን ሽሽት አሁን አንቺም አታውቂውም፣ እኔም አላውቀውም። ተኚ፣ ብዪ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። የኤልያስን ታሪክም አነበቡልኝ። «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተኛ፣ ደግሞ በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ስንት ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

ከሥራዬ አልወጣሁም። የክፍል ኃላፊነቱን ግን አስረክቤያለሁ። ቁጥር እወዳለሁ፤ የበላኝ ስብሰባው ነው። ከአገልግሎት ኮሚቴዎችም ከአንዱ በቀር ወጥቻለሁ። «ቀዘቀዘች» መባሉን ሰምቻለሁ፣ አልተቀየምኩም። ብቻ ያን ጊዜ ለጸሎት ቆሜ የባንክ ሂሳብ ሳመሳክር ነበር የምገኘው። አሁን አንድ መዝሙረ ዳዊት ልቤ ሳይበተን እጨርሳለሁ። ለእኔ ሙቀት ማለት ይሄ ነው።

ባለቤቴ፣ የቤቱን ወጪ ለብቻህ ስትሸከም «ታዲያ ምን ወሰንሽ?» ብለህ አንድ ቀን አልጠየቅከኝም። ያንተን ምስጋና ቤት ነው የምነግርህ፣ እዚህ አልጽፈውም።

ደውላችሁ ላላነሳሁላችሁ፣ በየተራ እየደወልኩ ነው፤ ታገሱኝ። ማታ ማታ ግን ስልኬ ዝግ ነው፣ ካሁኑ እወቁልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።