ይድረስ ለወንድሜ ለታደሰ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እትዬስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም። «ምን ትሠራለህ?» ማለትህ ስለማይቀር መልሱን ፈርቼ ነው። የምሠራው ዴንማርክ፣ ዩትላንድ ውስጥ፣ አሳማ እርባታ ነው። ይኸው ተናገርኩት።

እናትህ ቢሰሙ ቤቱን ጠበል ያስረጩታል። የሚገርመው ግን እዚህ ርኩሱ እኔ ነኝ። በር ላይ የለበስኩትን ሁሉ አውልቄ፣ ፀጉሬን ሳይቀር ታጥቤ፣ የእርባታውን ቱታ ሳልለብስ አልገባም። ከወላዶቹ ክፍል ጡት ወደ ተዉት ስሻገር ደግሞ ቦት ጫማ እለውጣለሁ። ምሳዬ ውስጥ ቁራጭ ቋሊማ እንኳ ክልክል ነው። የሚፈሩት የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለውን ነው፤ ፈውስ የለውም፣ በደረቀ ሥጋ ውስጥም ለወራት ይቆያል። የአፍሪካ ከርከሮ ተሸክሞት ምንም ሳይሆን ይኖራል፤ የእርባታውን አሳማ ግን ይፈጃል። በፈረንጆቹ 2019 ከጀርመን የሚመጣውን የዱር አሳማ ለመከልከል ብለው ድንበራቸው ላይ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አጥር አጥረዋል፤ ቁመቱ ሜትር ተኩል ነው። እንግዲህ ቋንታ ልላክልህ እንዳትለኝ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ አያልፍም።

አሳማ 3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን ታረግዛለች። እዚህ አንዳንዷ እስከ 20 ትወልዳለች፤ ጡቷ ግን ለሁሉም አይበቃም። የተረፉትን ለሌላ እናት እንሰጣለን፤ የእናታቸውን እንገር ሳይጠጡ ግን አናነሳቸውም። በሽታ የሚቋቋሙበትን አቅም ይዘው አይወለዱም፣ ከእንገሩ ነው የሚያገኙት። በሦስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ የብረት መርፌ እንወጋቸዋለን፤ ወተቱ በቂ ብረት የለውም፣ እነርሱም አፈር አይጭሩም።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት አንዷ ስትወልድ የመጨረሻው ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም ነበር። ቀዝቅዟል፣ አይንቀሳቀስም። በፎጣ አሸት አሸት አድርጌ፣ ቀዩ መብራት ሥር አስተኝቼ፣ የታለበ እንገር በስሪንጅ ጠብ ጠብ አደረግኩለት። ሊነጋ ሲል ተነሥቶ፣ ወድቆ፣ እንደገና ተነሥቶ ከወንድሞቹ ጋር ተጋፍቶ ጡት ያዘ። ያቺ በውርጭ ሌሊት ተወልዳ በጋቢህ ጠቅልለን ምድጃ ዳር ያሳደርናት ግልገል ትዝ አለችኝ። እስኪነጋ ተራ በተራ ስንጠብቃት ነበር፤ ሲነጋ ጋቢህን አበላሽታው እትዬ ሁለታችንንም ገረፉን። ደብዳቤውን የጀመርኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

አንተ ሁሉንም ጻፍልኝ፤ ሚስት አገባህ? በሬዎቹስ? ለእትዬ ግን በግ ነው የሚያረባው በላቸው።

ወንድምህ ግርማ