ፊታቸው ላበጠ የካንሰር ሕሙማንም ባሕር ዳር ላይ መላ ይፈለግ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጣና ዳር ካሉ የጤና ተቋማት በአንዱ በነርስነት የማገለግል የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በአገራችን ስለ ካንሰር ሲጻፍ ዘወትር የሚነሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቀድሞ መመርመርና የጨረር ማሽን ማግኘት። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። እኔ የምጽፈው ግን ዘግይተው ስለሚመጡት፣ በተለይም ካንሰሩ ትልቁን ደም መላሽ ሥር አጥብቦ ፊታቸውንና አንገታቸውን ስላሳበጣቸው ሕሙማን ነው። ለእነሱ በአንድ ሁለት ቀን እፎይታ የሚሰጥ ሕክምና ዓለም ላይ ከመጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በእኛ አካባቢ ግን የሚያነሳውም ሰው የለም።

ከራስ፣ ከአንገት፣ ከሁለቱ ክንዶችና ከደረት የላይኛው ክፍል የሚመለሰው ደም ሁሉ ወደ ልብ የሚገባው በደረታችን ቀኝ በኩል ባለች አንዲት ደም መላሽ ሥር ነው። ርዝመቷ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳዋ ስስ፣ በውስጧ ያለው ግፊትም ዝቅተኛ ሲሆን ዙሪያዋን ንፍፊቶች ከበዋታል። ስለዚህ የቀኝ ሳንባ ካንሰር ወይም ከንፍፊት የሚነሳው ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ሲያድግ በቀላሉ ይጫናታል። ክረምት ላይ ርብ ሞልቶ መውረጃ ሲያጣ ፎገራ ሜዳ ላይ እንደሚተኛ ሁሉ፣ ደሙም ወደ ኋላ ተመልሶ ፊት፣ አንገትና ክንድ ላይ ይጠራቀማል። ትናንሾቹን ሥሮች እያሰፋ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በእነዚህ ሕሙማን ደረት ላይ ተጋድመው የሚታዩት ሰማያዊ ሥሮች የመጡት ከዚያ ነው። ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሰፈረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1757። ያኔ መንስኤው በቂጥኝ ምክንያት ያበጠ ትልቅ ደም ቅዳ ሥር ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ነው።

ሕሙማኑ ራሳቸው የሚነግሩን ምልክት ከመጽሐፉ ይልቅ ግልጽ ነው። «ማተቤ አነቀኝ» ይላሉ። ለዓመታት አንገታቸው ላይ የኖረው ክር በሳምንታት ውስጥ ይጠብባቸዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ አልዘጋ ይላል። ጠዋት ሲነሱ ዓይናቸው እስኪጨፈን ፊታቸው ያብጣል፣ ወደ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጎደል ይላል። ጎንበስ ማለት አይችሉም። በዐቢይ ጾም ስግደት ያቋረጡ አባቶችን አውቃለሁ፤ ግንባራቸው መሬት ሲነካ ራሳቸው ሊፈነዳ የደረሰ ይመስላቸዋል። ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያድራሉ። ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ያስላቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

እኛ ዘንድ ሲደርሱ አብዛኞቹ ብዙ መንገድ ሄደዋል። አንዱ ምች ነው ተብሎ ቅጠል ታጥኗል። ሌላው ኩላሊት ነው ተብሎ ጨው ተከልክሏል፣ የሚያሸና መድኃኒትም ወስዷል። ደረት ውስጥ ያለው እብጠት ሳይመረመር ለወራት የቲቢ መድኃኒት የዋጠም አለ። ፀበል መሄዳቸውን አልነቅፍም፤ እኔም እሄዳለሁ። የሚያሳዝነኝ መለየቱ ከባድ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። የኩላሊት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ እግርንም ይይዛል። ይኼኛው ግን ከደረት በላይ ብቻ ነው፤ የአንገት ሥርም ተወጥሮ ይታያል። በሽተኛውን ቁጭ አድርጎ ሸሚዙን አስወልቆ ደረቱን በጥንቃቄ ያየ ባለሙያ ቢያንስ ይጠረጥራል።

ሁለት ሰዎችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። አንደኛው ከዘጌ የመጡ አባት ናቸው፤ ቡና አምራች፣ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ። ውጭ አገር የምትኖር ልጅ ስላለቻቸው ሕንድ ወሰደቻቸው፤ እዚያም የጠበበው ሥር ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ፣ ገባላቸው። በማግሥቱ ባለቤታቸውን በስልክ አግኝተው መጀመሪያ የተናገሩት «ተጋድሜ አደርኩ» የሚል ነበር። ካንሰሩ አልጠፋም፤ ከወራት በኋላ ዐርፈዋል። እነዚያን ወራት ግን ከቤተ ዘመዳቸው ጋር እየበሉ፣ እየተጫወቱ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ አሳልፈዋል። ሁለተኛው ከሐይቁ ማዶ የመጣ ወጣት ነው። ሕመሙ ያው፣ እብጠቱም ያው። ውጭ የሚኖር ዘመድ ግን የለውም። ለጨረር ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የሚዘጋና የሚከፈት መንገድ፣ ከዚያም ወረፋ። እናቱ በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «እቴ፣ ልጄ ተጋድሞ የሚተኛው መቼ ነው?» ወረፋው ሳይደርሰው ትራስ ታቅፎ ወደ ፊት እንደተደገፈ አረፈ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው በሽታው አይደለም። ሕክምናው ደግሞ ደረት የሚከፈትበት ቀዶ ጥገና አይደለም። በአብዛኛው ሙሉ ማደንዘዣ እንኳ አይፈልግም፤ መርፌው የሚገባበትን ቦታ ብቻ ማደንዘዝ ይበቃል። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በአንገት በኩል ባለው ደም መላሽ ሥር ቀጭን ሽቦ ያስገባና በኤክስሬይ ማያ እየተመለከተ እስከጠበበው ቦታ ይዘልቃል። መንገዱን ለማየት በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ ይረጫል፤ ካስፈለገም ሥሩን በትንሽ ፊኛ ያሰፋል። ከዚያ ተጨምቆ የታጠፈውን የብረት ጥልፍልፍ ቱቦ፣ ማለትም ስቴንቱን፣ በሽቦው ላይ አሳልፎ ይለቀዋል። ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ የሚሠራው ዓይነት ሰውነት ውስጥ ሲለቀቅ ራሱ ይከፈታል፣ ሥሩንም ደግፎ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይሠራበታል። ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይለቃል፤ የፊት እብጠቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጎድላል። ጨረር ግን ለውጥ ለማሳየት ብዙ ጊዜ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይፈልጋል። መተንፈስ ላቃተው ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ስቴንት ካንሰርን አያድንም፤ ለሁሉም ሰው አስፈላጊም አይደለም። ሊምፎማና አንዳንድ የሳንባ ካንሰር ዓይነቶች በኬሞ ብቻ ፈጥነው ስለሚያፈገፍጉ የካንሰሩ ዓይነት መታወቅ አለበት። አደጋም አለው። ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ወይም ስቴንቱ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ አልፎ አልፎም ሥሩ ተቀዶ ልብ ዙሪያ ደም ሊፈስ ይችላል። የሠለጠነ እጅና ዝግጁ ክፍል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ለጥቂት ሰው ብለን ይህን ሁሉ ወጪ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁም። ያው ክፍልና ያው ባለሙያ ግን ሌላም ብዙ ሥራ ይሠራል። የማህጸን በር ካንሰር የዳሌ ደም መላሽ ሥራቸውን ተጭኖ እግራቸው ያበጠ እናቶች በዚሁ መንገድ ይረዳሉ። ካንሰሩ የሽንት ቱቧቸውን ዘግቶ ኩላሊታቸው ሊቆም የደረሰ እናቶችም በጀርባ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ሽንታቸው ይወጣል። ለኩላሊት እጥበት የገባ ቱቦ (ካቴተር) ያጠበበው ሥርም በፊኛ ይሰፋል። እነዚህ ሕሙማን ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

ታንዛንያ የጀመረችበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሬሰላም በሚገኘው የሙሂምቢሊ ሆስፒታል ይህንን ሙያ፣ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ የሚባለውን፣ ማሠልጠን ጀመሩ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የራጅ ቴክኒሻኖች እየተፈራረቁ የአገሪቱን ሐኪሞች እዚያው በራሳቸው ሕሙማን ላይ አሠለጠኗቸው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የተባሉ ሆስፒታሎች አሏት፤ የሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲም አላት። የምጠይቀው ነገ ሁሉም ይሟላ ብዬ አይደለም። አንድ ሁለት ሐኪም፣ አንድ ሁለት ነርስና አንድ የራጅ ቴክኒሻን አብረው ለዚህ ሥልጠና ይላኩ፤ ሲመለሱ የሚሠሩበት ማሽንም ከአሁኑ በዕቅድ ይያዝ። ሐኪም ብቻ ተልኮ ሲመለስ አጋዥ ባለሙያ አጥቶ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ። ስቴንቱ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለሆነም የጤና መድህን ኃላፊዎች ወጪው ከሕመምተኛው ኪስ የማይወጣበትን መንገድ ቢያጠኑ ደግ ነው። አለበለዚያ ክፍሉ ቢከፈትም የሚጠቀመው ያው ዘመድ ያለው ሰው ብቻ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ፤ ይህንን ለሙያ አጋሮቼ ነው የምለው። ፊትና አንገቱ ያበጠ፣ የደረቱ ሥር የተጋደመ ሰው ሲመጣ ከወገቡ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ግሉኮስ በክንዱ አትስጡት፤ ክንድ ላይ የገባው ፈሳሽ እብጠቱን ያባብሰዋል፤ በእግሩ ስጡት። ትንፋሹ አስጊ ካልሆነ በቀር ናሙና ሳይወሰድ ስቴሮይድ አይጀመር፤ ሊምፎማ ከሆነ መድኃኒቱ ዕጢውን አሟሽሾ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። ሲተነፍስ የሚያፏጭ፣ የሚደነዝዝ ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ ግን ሰዓትም አይባክን። ሪፈር ወረቀቱ ላይም «የፊት እብጠት» ብቻ ብላችሁ አታሳልፉት። «ትልቁ ደም መላሽ ሥር ሳይጠብ አይቀርም፣ አስቸኳይ» ብላችሁ ጻፉ፤ የተቀባዩ ሐኪም እጅ ሲደርስ ወረፋ ሊያስቀድምለት ይችላል።

ጋዜጣችሁም የጤና ዓምዱን ለአንድ ሳምንት ለዚህ ጉዳይ ቢሰጥና የካንሰር፣ የልብና የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን አንድ ላይ ቢያነጋግር በእጅጉ አመሰግናለሁ። የክልሉ ጤና ቢሮም መልስ ካለው በዚሁ ዓምድ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሟ በዝግጅት ክፍሉ የሚታወቅ ነርስ
ባሕር ዳር